የመጠጥ ክልከላ ወይስ የአካባቢ ምርጫ? በጅማ የሚነሳው ክርክር ሲመረመር

በጅማ ከተማ የመጠጥ ቤቶች ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ ብዙም ሳይቆይ በሁለት ጎራ ይከፈላል። አንደኛው ወገን በትምህርት ቤቶችና በዩኒቨርሲቲው ግቢዎች ዙሪያ የሚከፈቱትን ግሮሰሪዎች፣ እስከ ሌሊት የሚዘልቀውን የጭፈራ ቤት ሙዚቃና በየጓዳው የሚሸጠውን አረቄ እየጠቀሰ መጠጥ ጨርሶ ይከልከል ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ክልከላ መጠጡን ከመንገድ ዳር ወደ ጓሮ ከማሸሽ በቀር የሚያመጣው ነገር እንደሌለ፣ መጠጣትም የግለሰቡ የራሱ ውሳኔ እንደሆነ ይከራከራል። በሁለቱ መካከል የሚሰማው ሦስተኛ ሐሳብ፣ ማለትም እያንዳንዱ ሰፈር ወይም ቀበሌ በራሱ ክልል መጠጥ ይሸጥ ወይስ አይሸጥ የሚለውን ራሱ ይወስን የሚለው የአካባቢ ምርጫ፣ አስታራቂ ተደርጎ ይቀርባል እንጂ የት እንደተሞከረና በምን ሁኔታ እንደሠራ በዝርዝር ሲነገር አይሰማም።

የአካባቢ ምርጫ ጉዳትን ሊቀንስ እንደሚችል የሚያሳዩ ማስረጃዎች አሉ። ነገር ግን ማስረጃዎቹ የተገኙባቸው ቦታዎች ጅማን አይመስሉም፤ ይህ ልዩነት ካልተጤነ ደግሞ የአካባቢ ምርጫ የሚባለው ስሙን ብቻ የለወጠ ክልከላ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ይከልከል የሚባለው ምኑ ነው?

«መጠጥ ይከልከል» የሚለው ጥያቄ በውስጡ ቢያንስ አምስት የተለያዩ ድርጊቶችን ይዟል፦ ማምረትን፣ ማጓጓዝን፣ መሸጥን፣ ይዞ መገኘትንና መጠጣትን። በሰፊው የሚታወቀው የአሜሪካ ክልከላ እንኳ፣ እ.ኤ.አ. ከ1920 እስከ 1933 በጸናበት ዘመን፣ በሕገ መንግሥት ማሻሻያው ያገደው ማምረትን፣ ማጓጓዝንና መሸጥን እንጂ መጠጣትን አልነበረም። በከተማችን በሚደረገው ንግግር ግን እነዚህ ስለሚደባለቁ፣ ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ያለው ግሮሰሪ ይነሳልኝ የሚለው ወላጅና ለፋሲካ ጠላ የምትጠምቀው ጎረቤቱ፣ በእርግጥ የሚያጋጫቸው ነገር ሳይኖር፣ ተቃራኒ ወገን ሆነው ይገኛሉ።

መጠጦቹም ቢሆኑ አንድ ዓይነት አይደሉም። በጅማ ገበያ ከበደሌና ከሌሎች ፋብሪካዎች የሚመጣ ቢራ፣ የፋብሪካ አረቄና ጂን፣ ጠጅ፣ ጠላና በቤት የሚወጣ አረቄ ጎን ለጎን ይሸጣሉ። በብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች ለበዓልና ለሠርግ የሚዘጋጀው ቀሪቦ እንኳ ከገብስ ተጠምቆ ጥቂት የሚብላላ መጠጥ በመሆኑ፣ ማንኛውም ሕግ «አልኮል» የሚለውን ከየትኛው መጠን ጀምሮ እንደሚቆጥር ካልወሰነ ማንም ሊያግደው ያላሰበውን ነገር ሊያግድ ይችላል።

የአካባቢ ምርጫ፣ በሌሎች አገሮች ሎካል ኦፕሽን ተብሎ የሚታወቀው ሥርዓት፣ የአገሪቱ ወይም የክልሉ ሕግ አንዱን ነገር በሙሉ ሳይፈቅድ ወይም ሳይከለክል፣ ውሳኔውን በተወሰነ ክልል ለሚኖሩ ሰዎች ድምፅ የሚተውበት አሠራር ነው። አሜሪካ ክልከላዋን በ1933 ስታነሳ ሥልጣኑ ወደ ግዛቶች ተመለሰ፤ ብዙዎቹም ለየወረዳቸው አሳልፈው ሰጡት። በዚህም ምክንያት በቴነሲ ግዛት የሚገኘው የሙር ወረዳ በዓለም የታወቀው የጃክ ዳንኤል ውስኪ የሚመረትበት ሆኖ ሳለ የመጠጥ ሽያጭን የሚያግድ ወረዳ ሆኖ ኖሯል።

የአገሪቱ ሕግ እስካሁን የወሰነው

ኢትዮጵያ መጠጥን አልከለከለችም፤ ነገር ግን ጉዳዩን ያለ ልጓም አልተወችውም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መጠጥ ለመግዛት የሚያስፈልገውን ዝቅተኛ ዕድሜ ከ18 ወደ 21 ከፍ አድርጓል፤ የመጠጥ ማስታወቂያንም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አግዷል። የኤክሳይስ ታክስ፣ ማለትም በተመረጡ ዕቃዎች ላይ ከመደበኛው ግብር በተጨማሪ የሚጣለው ታክስ፣ በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 እንደገና ተሻሽሏል። የዓለም ጤና ድርጅትም በዓለም ዙሪያ በ2019 እ.ኤ.አ. ከአልኮል ጋር በተያያዘ 2.6 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ሲገምት፣ ለአገሮች አጥብቆ የሚመክራቸው እርምጃዎች ታክስን ማሳደግ፣ ማስታወቂያን መገደብና የመሸጫ ቦታንና ሰዓትን መወሰን ናቸው።

ከእነዚህ ሦስቱ የመጨረሻው በተፈጥሮው የአካባቢ ጉዳይ ነው። ታክስን ቀበሌ ሊጥል አይችልም፤ በየትኛው መንገድ ላይ ስንት መጠጥ ቤት መኖር እንዳለበት ግን ከፌዴራል መሥሪያ ቤት ይልቅ እዚያው የሚኖረው ሰው ያውቃል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ይላል። በሌላ በኩል አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ አንቀጽ 41 ደግሞ ዜጎች በመረጡት የኢኮኖሚ እንቅስቃሴ የመሰማራት መብታቸውን ይደነግጋሉ። ከእነዚህ ሲታይ፣ አንድ አካባቢ የመጠጥ ሽያጭን ቢገድብ ውሳኔው በጤና፣ በጸጥታና በሕፃናት ደኅንነት ላይ መቆም ይኖርበታል፤ ምክንያቱ ሃይማኖታዊ ነው ከተባለ ግን ፍርድ ቤት ሲደርስ የሚጸና አይመስልም።

አጠቃላይ ክልከላ ያመጣውና ያላመጣው

የክልከላ ተቃዋሚዎች «ክልከላ ፈጽሞ አይሠራም» ሲሉ ማስረጃው ከሚፈቅደው በላይ ይሄዳሉ። በአሜሪካ በክልከላው የመጀመሪያ ዓመታት የሚጠጣው መጠጥና በጉበት በሽታ የሚሞተው ሰው ቁጥር ቀንሶ ነበር። በሕንድ የቢሃር ክልል በሚያዝያ 2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ክልከላ የመጣው በሴቶች ግፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶችም በሚስቶች ላይ የሚደርሰው ጥቃት መቀነሱን አመልክተዋል። ባሏ የዕለት ገቢውን ጠጥቶ ለሚገባባት ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ማንኛውም ፍትሐዊ ትንታኔ ከዚህ መጀመር አለበት።

ዋጋው ግን በሌላ በኩል ይከፈላል። በዚያው በቢሃር፣ በሳራን ወረዳ፣ በታኅሣሥ 2022 አጋማሽ በተመረዘ ሕገ ወጥ መጠጥ ከ70 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ፍርድ ቤቶችም በክልከላ ክሶች በመጨናነቃቸው ሕጉ በ2018 እና በ2022 እንዲላላ ተደርጓል። ፊንላንድ ከ1919 እስከ 1932 የሞከረችው ክልከላ ቢራና ወይን ጠጁን አጥፍቶ በባሕር በኮንትሮባንድ የሚገባውን ንጹሕ አልኮል አነገሠ፤ መጨረሻም በሕዝበ ውሳኔ ተሻረ። ጎረቤታችን ኬንያ ቻንጋ የተባለውን የአገር ቤት አረቄ ለዐሥርተ ዓመታት ከልክላ ቆይታ በ2010 በወጣ ሕግ ሥርዓት ይዞ እንዲመረት ፈቀደች፤ ሆኖም በ2014 ሜታኖል በሚባል መርዛማ የአልኮል ዓይነት በተበከለ መጠጥ ብዙ ሰዎች ሞቱ። መፍቀዱ ብቻውንም ቁጥጥር ካልተከተለው መድኃኒት አይሆንም ማለት ነው።

ጠላው ሲጠፋ አረቄው ለምን ይበዛል?

በጅማ አጠቃላይ ክልከላ ቢታወጅ ምን ሊከተል እንደሚችል ለመገመት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ የጠላንና የአረቄን አሠራር ማየት ይበቃል።

ጠላ ለመጥመቅ ብቅል፣ ጌሾና የተቆላ አሻሮ ያስፈልጋል። ጥንስሱ ተጠንስሶ፣ ድፍድፉ ተደፍድፎ፣ ጋኑ ታጥኖ እስኪደርስ ከሳምንት በላይ ይወስዳል። ሽታው ከአጥር ያልፋል፤ ጋኑ ከቦታው አይነሳም፤ የደረሰው ጠላ ደግሞ በጥቂት ቀናት ውስጥ ካልተጠጣ ይቆመጥጣል። ሊደበቅ የማይችል መጠጥ ነው። በውስጡ ያለው አልኮል አብዛኛውን ጊዜ ከ6 በመቶ አይበልጥም። አረቄ የሚወጣው ተመሳሳይ ድፍድፍ በእሳት ላይ ተጥዶ እንፋሎቱ በመቃ ወይም በቧንቧ አልፎ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ሲጠራቀም ነው፤ ሁለተኛ ሲወጣ ዳግም አረቄ ይባላል፤ አልኮሉም ከ40 በመቶ ያልፋል። ለዓመት ቢቀመጥ አይበላሽም፤ ሃያ ሊትር ጀሪካን በአውቶቡስ ላይ ይጫናል፤ በሃይላንድ ፕላስቲክ ተቀድቶ በነጠላ ሥር ይያዛል።

ፖሊስ መጠጥን ማሳደድ ሲጀምር በቅድሚያ የሚያዘው ጋኑ ነው፤ የሚያመልጠው ጀሪካኑ ነው። ሻጩ ለያንዳንዱ ሊትር የሚወስደው አደጋ ተመሳሳይ ከሆነ ብርቱውን መጠጥ መሸጥ ያዋጣዋል፤ በየአገሩ ከክልከላ በኋላ ቀላሉ መጠጥ ጠፍቶ ከባዱ የሚነግሠው በዚህ ስሌት ነው። ከዚህ ጋር የሜታኖል ጉዳይ አብሮ ይነሳል። ከእህል በቤት በሚወጣ አረቄ ውስጥ ያለው ሜታኖል በተለምዶ አነስተኛ ነው፤ በአንድ ሌሊት ብዙ ሰው የሚገድለውና ዓይን የሚያጠፋው መጠጥ አብዛኛውን ጊዜ ለኢንዱስትሪ የተዘጋጀ ሜታኖል የተቀላቀለበት ነው። ደንበኛው የሻጩን ማንነትና ቤት እስካወቀ ድረስ እንዲህ ያለውን ማጭበርበር ለመፈጸም ይከብዳል፤ ግብይቱ በጨለማ ከሆነ ግን የሚጠየቅ ሰው አይኖርም።

የመጀመሪያዋ ተጎጂ ደግሞ ባለ ጋኗ ናት። ጠላና አረቄ ከሚያወጡት ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው፤ ያለ ትልቅ ካፒታል የሚጀመር፣ ልጅ እያሳደጉ በቤት የሚሠራ፣ አተላው ሳይቀር ለከብት መኖ የሚሸጥ ሥራ ነው። የበደሌ ቢራ ፋብሪካ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሄኒከን ኩባንያ ንብረት ነው፤ ጅማ ቢዘጋበት ምርቱን ወደ ሌላ ከተማ ይልካል። ጠላ ሻጯ ግን የምትልክበት ቦታ የላትም። ክልከላን የሚደግፉ ወገኖች ይህንን እንደ ሰበብ ሳይሆን መልስ እንደሚፈልግ ጥያቄ ሊያዩት ይገባል ብዬ አምናለሁ።

የአካባቢ ምርጫ የት ሠራ?

በአላስካ ሰሜናዊ ጫፍ የምትገኘውና ያኔ ባሮው ትባል የነበረችው ከተማ ነዋሪዎች በ1994 እ.ኤ.አ. መጠጥ ማስገባትንና ይዞ መገኘትን በድምፅ ከለከሉ፤ በቀጣዩ ዓመት በሌላ ድምፅ ክልከላውን አነሱ፤ በ1996 መልሰው ጣሉት። ይህ መመላለስ ተመራማሪዎች በቀላሉ የማያገኙትን ዕድል ሰጣቸው። በሆስፒታሉ ከመጠጥ ጋር በተያያዘ ችግር የሚታከሙ ተመላላሽ ታካሚዎች ቁጥር ክልከላው ሲጣል ወረደ፤ ሲነሳ ወጣ፤ ሲመለስ ደግሞ ወረደ። የአካባቢ ምርጫ ደጋፊዎች ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ሊፈልጉ አይችሉም።

ነገር ግን ባሮው ከሌላው ዓለም ጋር የሚያገናኛት መንገድ የላትም፤ መጠጥ የሚገባው በአብዛኛው በአውሮፕላን ነው። የውሳኔው ጥንካሬ ከሕዝቡ ድምፅ ባልተናነሰ ከዚህ የመጣ ነው። መንገድ ባለበት አገር ውጤቱ ሌላ ይሆናል፤ በአሜሪካ የኬንታኪ ግዛት የተደረገ ጥናት መጠጥ በሚከለክሉ ወረዳዎች የሚኖሩ ሰዎች ከመጠጥ ጋር በተያያዘ የመኪና አደጋ ውስጥ በብዛት እንደሚገኙ አሳይቷል፤ ምክንያት ተብሎ የቀረበውም ጠጪዎቹ ርቀው ሄደው ጠጥተው እያሽከረከሩ መመለሳቸው ነው።

የሕንዱ የማሃራሽትራ ክልል ደግሞ የሚያስተምረው ማን እንደሚመርጥ ነው። በዚያ ከአንድ መንደር ወይም ሰፈር ሴቶች ሩብ ያህሉ ፈርመው ከጠየቁ በመጠጥ መሸጫው ላይ ምስጢራዊ ድምፅ ይሰጣል፤ በወረቀቱ ላይ የቆመና የተጋደመ ጠርሙስ ይሳላል፤ ማንበብ የማትችል ሴትም የተጋደመውን መርጣ የመሸጫውን ፈቃድ ልታሰርዝ ትችላለች። ድምፅ የሚሰጠው በፈቃዱ ላይ ነው፤ የቤቷን ጓዳ የሚፈትሽ የለም።

በአውስትራሊያ ሁለቱ መንገዶች ጎን ለጎን ታይተዋል። በ2007 የፌዴራሉ መንግሥት በሰሜናዊው ግዛት በሚገኙ የነባር ሕዝቦች መንደሮች ላይ ሳያማክር ክልከላ ጣለ፤ በሐምሌ 2022 የሕጉ ዘመን ሲያበቃ በግዛቱ በምትገኘው በአሊስ ስፕሪንግስ ከተማ ሁከት በመባባሱ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ገደቡ ተመለሰ። ዐሥራ አምስት ዓመት የቆየ ክልከላ መንደሮቹ ራሳቸው የሚይዙትን ሥርዓት ሳይተክል አለፈ ማለት ነው። በዚያው በ2007 በምዕራባዊ አውስትራሊያ የፊትዝሮይ ክሮሲንግ ከተማ ሴቶች ራሳቸው ጠይቀው አልኮሉ ከ2.7 በመቶ የሚበልጥ መጠጥ ከመሸጫ ተገዝቶ እንዳይወሰድ አስወሰኑ፤ ለተወሰነ ጊዜም የድንገተኛ ክፍልና የፖሊስ ሥራ ቀለል አለ፤ አንዳንድ ጠጪዎች ግን ወደ ሌሎች ከተሞች መሄዳቸው አልቀረም።

ጅማ ላይ ሲመጣ

ጅማ የመንገድ መገናኛ ናት። ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ አጋሮና በደሌ፣ ወደ ቦንጋና ሚዛን የሚወስዱት መንገዶች ከመሀሏ ይነሳሉ። ከአንዱ ቀበሌ ወደ ሌላው በባጃጅ የደቂቃዎች ጉዞ ነው። አንድ ቀበሌ መጠጥ ቤቶቹን በሙሉ ቢዘጋ ጠጪው የአዌቱን ድልድይ ተሻግሮ ይጠጣል፤ ሌሊት ተመልሶ የሚገባው ግን ወደዚያው ቀበሌ ነው። ስለዚህ በጅማ ሁኔታ ሰፈርን «ደረቅ»፣ ማለትም መጠጥ የማይሸጥበት፣ የማድረግ ምርጫ ችግርን ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ማሻገር ይሆናል። በሰፈር ደረጃ በእርግጥ ሊወሰን የሚችለው ከትምህርት ቤት፣ ከመስጊድና ከቤተ ክርስቲያን በምን ያህል ርቀት ይሸጥ፣ በአንድ መንገድ ስንት መጠጥ ቤት ይኑር የሚለው ነው። የመዝጊያ ሰዓት ደግሞ ለመላው ከተማ አንድ ካልሆነ ዘግይቶ የሚዘጋው ሰፈር የሁሉም መሰብሰቢያ ይሆናል።

ክርክሩን የሙስሊምና የክርስቲያን ክርክር አድርጎ የሚያቀርብ ንግግር አለ፤ ይህ ስሕተት ብቻ ሳይሆን አደገኛም ነው። የጅማ ሙስሊሞች በሃይማኖታቸው መጠጥን ይርቃሉ፤ የከተማዋ ፕሮቴስታንት ምዕመናንም በአብዛኛው አይጠጡም፤ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም ስካርን ታወግዛለች። በሌላ በኩል ጠላ በጽዋ ማኅበርና በዓመት በዓል የሚቀርብ በመሆኑ በቤት መጥመቅን የሚነካ ውሳኔ በሃይማኖት ነፃነት ላይ እንደተቃጣ ሊወሰድ ይችላል። ገደቡ በሽያጭ ላይ ከቆመ ሁለቱም ወገኖች የሚፈልጉት ይጠበቃል፤ የአንዱ ደጅ መጠጥ አይሸትም፣ የሌላውም ጋን አይሰበርም።

ጫት ሳይነሳ ስለ ጅማ መጠጥ መናገር ደግሞ አይቻልም። ጨብሲ የሚባለው ልማድ፣ ከሰዓት በኋላ የቃመ ሰው ምርቃናውን ለመስበር ማታ መጠጣቱ፣ በወጣቶች ዘንድ የተለመደ ነው። ቢራ ቤቱ ቢዘጋ ይህ ፍላጎት አብሮ አይዘጋም፤ ጫቱ ባለበት ሆኖ ቢራው ብቻ ከጠፋ ቦታውን አረቄ ወይም የእንቅልፍ ክኒን ሊይዘው ይችላል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የጤና ባለሙያዎች ለዓመታት በሱስ ላይ ያካሄዷቸው ጥናቶች ሁለቱን አብረው የሚመለከቱት በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ድምፅ ሰጪው ማን ነው የሚለው ነው። የቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ በብዛት የሚገኙት የቤት ባለቤቶችና በዕድሜ የገፉ ወንዶች ናቸው። ተከራዩ፣ ተማሪው፣ ጠላ ሻጯ፣ ባሏ የሚጠጣባት ሚስት፣ እነዚህ ውሳኔው በቅርብ የሚነካቸው ሰዎች ወይ አይጠሩም ወይ በጎረቤት ፊት እጃቸውን አያወጡም። እጅ በማውጣት የሚሰጥ ድምፅ የሚለካው የሰውን ፍርሃት እንጂ ፈቃዱን አይደለም። ስለዚህ ምስጢራዊ ድምፅ፣ ተከራይን የሚጨምር መዝገብና ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በኋላ እንደገና ድምፅ የሚሰጥበት ደንብ ከሌለ «ማኅበረሰቡ ወስኗል» የሚለው ቃል የጥቂቶችን ውሳኔ መሸፈኛ ይሆናል።

ዕድሮች በዚህ መሀል ሕግ ሳይጠብቁ የሚሠሩት አለ። ዕድር የግብይት ፈቃድ አይሰርዝም፤ ነገር ግን በመተዳደሪያ ደንቡ በለቅሶ ቤትና በራሱ ስብሰባ መጠጥ እንዳይቀርብ ሊወስን፣ በመጠጥ ምክንያት ቤተሰቡን የበተነ አባልን በሽማግሌ ሊያነጋግር ይችላል። ይህ የፖሊስ ኃይል የሌለው፣ አባሉ ወድዶ የሚቀበለው ገደብ ነው።

አፈጻጸሙ

የንግድ ፈቃድ የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ባለው ጊዜ ነው። ማንኛውም የቦታ ወይም የቁጥር ገደብ ከዚህ ዑደት ጋር ቢያያዝ ባለ ግሮሰሪው በአንድ ሌሊት ከመታሸግ ይልቅ ቦታ የሚቀይርበት ጊዜ ያገኛል፤ በማሸግና በመክፈት መሀል ለሚፈጠረው ጉቦም በሩ ይጠባል። ጠላ ሻጮችን በተመለከተ ቀላል የምዝገባ ሥርዓት ከቅጣት በፊት መምጣት አለበት፤ ተመዝግባ የምትሸጥ ሴት ዕድሜው 21 ያልሞላ ደንበኛን እንድትመልስ ሊነገራትና ልትጠየቅ ትችላለች፤ ተደብቃ የምትሸጠው ግን በማንም አትደረስም።

ውሳኔው ከመተግበሩ በፊት የመነሻ መረጃ መያዝም ያስፈልጋል። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል ቅዳሜና እሑድ ሌሊት በጠብና በመኪና አደጋ የሚገቡ ሰዎች ቁጥር፣ ለፖሊስ የሚቀርበው የቤት ውስጥ ጥቃት አቤቱታ፣ የአረቄ ዋጋ በጀሪካን፤ እነዚህ ሦስቱ ከገደቡ በፊት ለአንድ ዓመት፣ ከዚያም በየዓመቱ ቢመዘገቡ ከተማዋ በቀጣዩ ድምፅ የምትመርጠው አይታ ይሆናል። የድንገተኛ ክፍሉ ሌሊት ቀልሎ የአረቄው ዋጋ ካልተለወጠ ገደቡ ሠርቷል ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም ከወረዱ ግን ገበያው በአረቄ ተጥለቅልቆ ሊሆን ስለሚችል ሌላ ምርመራ ያስፈልገዋል።